ሰቅል፣ ምናን፣ መክሊት፦ ስለ ሱመርና ባቢሎን ሚዛን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«መክሊቱን ቀበረ» እንላለን። ተሰጥኦው ሜዳ ላይ ስለቀረ ሰው ነው የምናወራው። ግን መክሊት መጀመሪያ ተሰጥኦ አልነበረም። የክብደት መለኪያ ነበር፣ ያውም ወገብ የሚያጎብጥ። ሰቅልም ምናንም እንደዚያው ናቸው። ሦስቱን ቃላት በስብከት ስንሰማ አድገን «ስንት ኪሎ ነው?» ስንባል ግን ዝም እንላለን። እኔም ዝም ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። ነገሩን ሳሳድደው የሄደው ወደ ኢራቅ ነው፣ ወደ ሱመርና ወደ ባቢሎን። ከዚያ ወዲህ ሰዎች የሚጠይቁኝን ጥያቄ ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ግብፅና ግሪክ እያሉ ለምን መስጴጦምያ?

እንደነሱ የጻፈ ስለሌለ። መስጴጦምያ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ያለው አገር ነው፣ አብዛኛው የዛሬዋ ኢራቅ። ሰዎቹ የሚጽፉት እርጥብ ሸክላ ላይ ነበር። ወረቀት ይበሰብሳል፣ ብራና ይበላል፣ ሸክላ ግን አፈር ውስጥ አራት ሺህ ዓመት ተኝቶ ይነሳል። እና ምን ጻፉ መሰላችሁ? ቅኔና ጸሎትም አለ፣ የሚበዛው ግን ደረሰኝ ነው። ማን ስንት ገብስ ወሰደ፣ ማን ስንት ብር ተበደረ፣ ለሠራተኛው ስንት ተሰፈረለት። አሰልቺ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከነገሥታቱ ፉከራ ይልቅ እነዚህን ደረሰኞች አምናለሁ።

እሺ፣ መለኪያዎቹ ምን ምን ነበሩ? በኛ ኪሎስ ስንት?

ከታች እንጀምር። የመጨረሻዋ ትንሿ መለኪያ አንድ የገብስ ፍሬ ናት። እውነተኛ ገብስ። 180 ፍሬ አንድ ሰቅል ይሆናል። 60 ሰቅል አንድ ምናን። 60 ምናን አንድ መክሊት። በቃ።

በዛሬ ሚዛን ሲቀመጥ ሰቅል ወደ 8.3 ግራም ነው። ምናን ግማሽ ኪሎ ገደማ። መክሊት ደግሞ ወደ 30 ኪሎ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ከግማሽ በላይ ማለት ነው። አካዳውያን (አካድኛ የሚባለውን የባቢሎንና የአሦር ቋንቋ የሚናገሩት) መክሊትን «ቢልቱ» ይሉት ነበር፣ ትርጉሙ ሸክም ነው። አንድ ሰው ተሸክሞ የሚሄደውን ያህል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከፍሬ እስከ መክሊት ያለው መሰላል ሁሉ ከገብሱ ፍሬ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ያለውን ኑሮ ይሸፍናል። ወርቅ አንጥረኛው በፍሬ ይመዝናል፣ ነጋዴው በሰቅልና በምናን፣ ቤተ መንግሥቱ በመክሊት።

«ሰቅል» የሚለው ቃልም ባዳ አይደለም። በአካድኛ «ሸቃሉ» ማለት መመዘን ነው። መክፈል ማለትም ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ሳይመዝኑ መክፈል አይቻልም። የኛው ግዕዝ «ሰቀለ» የዚያው ሥር ልጅ ነው። ሚዛን እኮ የሚሰቀል ነገር ነው። በመሃል ተንጠልጥሎ፣ ግራና ቀኝ ሳህን ይዞ።

ለምን 60? 10 ወይም 100 አይቀልም ነበር?

ለካልኩሌተር ይቀላል። ለሰው ግን ይከብዳል። ሦስት ወንድማማቾች አንድ ኪሎ ብር ይካፈሉ እንበል። 333.33 እያለ ማለቂያ የለውም። አንድ ምናን ቢካፈሉ ግን ለእያንዳንዱ 20 ሰቅል ይደርሰዋል፣ ጭቅጭቅ የለም። አራት ቢሆኑ 15። አምስት ቢሆኑ 12። ስድስት ቢሆኑ 10። 60ን ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12፣ ለ15፣ ለ20፣ ለ30 ብታካፍሉት ትርፍራፊ አይተርፍም። ውርስና ሽርክና ለሚበዛበት አገር ከዚህ የተሻለ ቁጥር ከየት ይመጣል?

የገብሱ 180ም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በባቢሎኑ ንጉሥ በሐሙራቢ ሕግ የብር ብድር ወለድ ለአንድ ሰቅል «አንድ ስድስተኛ ሰቅልና ስድስት ፍሬ» ነው ይላል። ሲያዩት ግራ ያጋባል። አስሉት፤ የ180 አንድ ስድስተኛ 30 ነው፣ ስድስት ሲጨመር 36። 36 ከ180 ልክ 20 በመቶ ነው። የገብስ ብድር ደግሞ ከ300 ላይ 100 ነው፣ ሲሶ ማለት። የዛሬ አራጣ አበዳሪ ቢሰማ ይቀናል።

በጣት አንጓ ይቆጥሩ ስለነበር ነው የሚል ነገርም ትሰማላችሁ፤ በአንድ እጅ 12 አንጓ፣ በሌላው አምስት ጣት፣ ሲባዛ 60። እጃችሁ ላይ ብትሞክሩት ይሠራል። ግን ግምት ነው እንጂ የሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ የተገኘ ነገር አይደለም።

የሚዛን ድንጋዮቹ ምን ይመስላሉ?

ዳክዬ። አልቀለድኩም። ብዙዎቹ የተኛች ዳክዬ ቅርጽ አላቸው፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ጀርባዋ ላይ ያሳረፈች። ለምን ዳክዬ እንደተመረጠች ሁሉም የየራሱን ይናገራል፣ እኔ ግን ቅርጹ ራሱ ይበቃኛል። የሚሰበር ጫፍ የለውም፣ አይንከባለልም፣ ለመያዝ ይመቻል። ሌሎቹ ደግሞ መሃላቸው ወፈር፣ ጫፍና ጫፋቸው ቀጠን ያሉ ናቸው። ለእነዚህ የሚመረጠው ሄማታይት የተባለው ከባድና ጥቁር የብረት ማዕድን ነው፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ዲዮራይት። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው፣ በቀላሉ አይፋቁም። ሰው ፍቆ ሊያቀል ቢሞክርም ጠባሳው ይታያል። ለዚህ ነው ለስላሳ ድንጋይ የማይወደደው።

አሦራውያን ዘንድ ሲደርስ ዳክዬዋ አንበሳ ሆነች። እንግሊዛዊው ኦስተን ሄንሪ ላያርድ በ1840ዎቹ የአሦራውያንን ከተማ ኒምሩድን ሲቆፍር 16 የነሐስ አንበሶች አገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ትንሹ ጣት የማያህል ነው፣ ትልቁ 30 ሳንቲሜትር ገደማ። የሚገርመኝ ግን ጽሕፈቱ ነው። በአንድ በኩል በአሦራውያን የሽብልቅ ጽሕፈት የንጉሡ ስም፣ በሌላ በኩል በአራማይክ ክብደቱ። ማንበብ ለማይችለውም በጎኑ ጭረት ጭረት አለው፤ ስንት ጭረት፣ ያን ያህል ምናን። ያኔ አራማይክ የገበያው ቋንቋ ሆኖ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በራሱ ቋንቋ ብቻ ቢጽፍ ገበያው እንደማይገባው ገብቶታል። ስንት መሥሪያ ቤት ዛሬም ያልገባው ነገር።

ልኩን የሚወስነው ማን ነበር?

ንጉሡ ነው፣ ድንጋዩ የሚቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤተ መቅደስ ነው።

በእጃችን ካሉት የሕግ ጽሑፎች ቀደምቱ በሱመሯ የዑር ከተማ ንጉሥ በዑር-ናሙ ስም የሚታወቀው ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2100 ገደማ። የመጀመሪያ አንቀጹ ከመድረሱ በፊት መግቢያ አለው። እዚያ ላይ ንጉሡ ምን ሠራሁ እንደሚል ተመልከቱ። የመዳብ መስፈሪያ አሠርቼ 60 ሲላ (ሲላ አንድ ሊትር ያህል ነው) እንዲይዝ አደረግሁ ይላል። የሚዛን ድንጋዮችን ከሰቅል እስከ ምናን አስተካከልሁ ይላል። ወዲያው ቀጥሎ ወላጅ አልባውን ለሀብታም፣ መበለቲቱን ለኃይለኛ አሳልፌ አልሰጠሁም ይልና፣ ባለ አንድ ሰቅሉን ሰው ለባለ አንድ ምናኑ አሳልፌ አልሰጠሁም ብሎ ይጨምራል።

ይህን አንቀጽ ሳነብ ነው ነገሩ የበራልኝ። አንድ ለስልሳ። ድሃው ባለ አንድ ነው፣ ሀብታሙ ባለ ስልሳ። ንጉሡ ስለ ሚዛን ሲያወራ ስለ ድንጋይ ብቻ አይደለም የሚያወራው። ብድር ሲሰጥ በአንዱ ድንጋይ፣ ሲቀበል በሌላው የሚመዝን ባለ ስልሳ ካለ ባለ አንዱ አለቀለት። ፎክሮ ይሆናል፣ ነገሥታት ይፎክራሉ። ግን የሚፎክርበትን ነገር መምረጡ ራሱ ገበያው ላይ የሚያጨቃጭቀው ምን እንደነበር ይነግረናል።

ልጁ ሹልጊ ደግሞ ድንጋዮቹን አሠራጨ። አንዱ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም አለ። ላዩ ላይ ግማሽ ጨረቃ ተቀርጾበታል፣ ምክንያቱም ለጨረቃ አምላካቸው ለናና የተሰጠ ነው። ግማሽ ምናን ነው ይላል። ሲመዘን 248 ግራም ሆነ። አራት ሺህ ዓመት አልፎት።

አሁን ዝለሉ፤ 1500 ዓመት ወደፊት። ያ ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ናቡከደነፆር ባቢሎን ላይ ነግሦ የሚዛን ልክ ሲያሠራ ከሹልጊ ልክ ጋር አስማምቶ አሠራ። ከዚያ ተቀድቶ የተሠራ ድንጋይ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ጽሑፉም ይህንኑ ይናገራል። ክብደቱ 978 ግራም ነው። «ምናን ግማሽ ኪሎ ነው አላልክም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ብያለሁ። ግን ቀላል ምናንና ከባድ ምናን የሚባሉ ነበሩ፣ ከባዱ የቀላሉ እጥፍ። ይህኛው ከባዱ ነው። በሁለት ብታካፍሉት 489 ይመጣል፣ ከሹልጊ ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

ሳንቲም ካልነበረ በምን ይገዙ ነበር?

በብር። ብር ስል ማዕድኑን ነው። ይኸው ለኛ ማስረዳት የማያስፈልገው ነገር። አካዶች «ካስፑ» ሲሉ ብሩንም ገንዘቡንም ማለታቸው ነው፣ እኛም «ብር» ስንል ሁለቱንም ነው። አያቶቻችን ማርትሬዛን እያንኳኩ፣ እየመዘኑ የተቀበሉት ለምን ሆነና?

ሳንቲም የታተመው ኋላ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን፣ በዛሬዋ ቱርክ ምዕራብ በልድያ። ከዚያ በፊት ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ብር እንደ ሽቦ ተጠምዝዞ ወይም ቁርጥራጭ ሆኖ ይያዛል። ሲፈለግ ይቆረጣል፣ ሳህን ላይ ይወጣል፣ በሌላው ሳህን ድንጋይ ይቀመጣል። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ከኤፍሮን ሲገዛ 400 ሰቅል ብር «መዘነለት» ይላል እንጂ «ቆጠረለት» አይልም። አብርሃም ደግሞ የዑር ሰው ነው።

ዋጋው ስንት ነበር ላላችሁ፣ ኤሽኑና የምትባል ከተማ ሕጓን የምትጀምረው በዋጋ ዝርዝር ነው። በአንድ ሰቅል ብር 300 ሲላ ገብስ ይገኛል። ወይም 12 ሲላ የሰሊጥ ዘይት። ወይም 6 ምናን የበግ ፀጉር። ወይም 3 ምናን መዳብ። የቀን ሠራተኛ በወር የሚከፈለው አንድ ሰቅልና ለምግቡ 60 ሲላ ገብስ ነው። በቀን ሁለት ሊትር ገብስ እንግዲህ። በወር ደሞዙ አምስት ሊትር ዘይት የሚገዛ ሰው ካለ፣ ከዚህ ዝርዝር ጋር ራሱን ያነጻጽር።

ዕለት ዕለት ግን ሁሉም ብር ይዞ አይዞርም። ተራው ሰው በገብስ ይከፍላል፣ በገብስ ይከፈለዋል፣ ብሩ ሒሳቡን ለመያዣ ነው። ለዚህ ነው የገብስ ፍሬ የብር መለኪያ የሆነችው ብዬ አስባለሁ።

አያጭበረብሩም ነበር?

ወይ ጉድ! ካላጭበረበሩማ ያን ሁሉ ሕግ ማን ይጽፋል?

ዘዴው አንድ ነው፤ ሁለት ዓይነት ድንጋይ መያዝ። ነጋዴ ድንጋዮቹን በከረጢት ይዞ ይዞራል። ሲያበድር ትንሹን ያወጣል፣ ሲያስመልስ ትልቁን። ሐሙራቢ (ከ1792 እስከ 1750 ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠው) ይህን ያደረገ አበዳሪ ያበደረውን በሙሉ ያጣል ብሎ ደነገገ። ለጠላ ሻጯ ደግሞ የባሰ ነው። የቢራዋን ዋጋ በገብስ አልቀበልም ብላ በትልቁ ድንጋይ ብር ከተቀበለች፣ ወይም ቢራውን ከገብሱ ዋጋ አሳንሳ ከሰጠች፣ ይመሰከርባትና ውኃ ውስጥ ትጣላለች። አበዳሪው ገንዘቡን ሲያጣ ጠላ ሻጯ ነፍሷን። ፍርዱ ራሱ ሚዛን የጎደለው ነው፣ ካላችሁኝ።

አምላክም ገብቶበታል። ፀሐይ ሁሉን ታያለችና የፀሐይ አምላካቸው ሻማሽ የፍርድም የሚዛንም ጠባቂ ነበር። ለእሱ የተደረሰ ረጅም መዝሙር ላይ ሚዛን ይዞ የሚያታልለውን፣ የከረጢት ድንጋዩን የሚለዋውጠውን ነጋዴ ይረግመዋል፣ በእውነት የሚመዝነውን ይባርከዋል። ኦሪት ዘዳግም «በከረጢትህ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ» የሚለው ከዚሁ ዓለም የወጣ ነው። እዚያም በዕብራይስጡ የተጻፈው ቃል «ድንጋይ» ነው።

ባለፈው ሽንኩርት ገዝቼ ቤት ስመዝነው ኪሎ የተባለው 850 ግራም ሆኖ አገኘሁት። ሻማሽን አስታወስኩት።

ስፍር ላይም ተንኮል አለ። ገብስ ሲሰፈር ተቆልሎ ነው ወይስ አፉ ላይ በእንጨት ተጠርጎ? ቁና ይዞ እህል የሰፈረ ልዩነቱን ያውቀዋል። ለዚህ ነው ውሎች ላይ በየትኛው መስፈሪያ እንደሚሰፈር ስሙን ጠርተው የሚጽፉት።

ሰቅል በየከተማው አንድ ዓይነት ነበር?

አልነበረም፣ ነጋዴውን ያስቸገረውም ያበለጸገውም እሱ ነው።

1900 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ የአሹር ከተማ ነጋዴዎች አህያ ጭነው ካኔሽ ድረስ ይሄዱ ነበር፣ የዛሬዋ ቱርክ መሃል ድረስ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ። የሚጭኑት ጨርቅና ቆርቆሮ ነው (የቤት ክዳኑን አይደለም፣ ከመዳብ ጋር ቀልጦ ነሐስ የሚሆነውን ማዕድን)። የሚመልሱት ብርና ወርቅ። ካኔሽ ላይ ከ20 ሺህ በላይ ጽላቶቻቸው ተገኝተዋል፣ ከሚስት ለባል የተጻፈ ወቀሳ ሳይቀር። ብዙዎቹ ውስጥ የክብደት ጉዳይ ይነሳል፤ እዚህ ስንመዝነው ይህን ያህል ሆነ፣ አንተ ያልከው ሌላ ነው፣ ጎደለ፣ እንዴት ጎደለ። ሐዋላ ልከው «የደረሰኝ እኮ ያልከው ያህል አይደለም» የተባሉ ሁሉ ይህን ንግግር ያውቁታል።

በሶርያ በኩል ደግሞ ብልህ መፍትሔ ተገኘ። ወደ 470 ግራም የሚሆን አንድ ምናን አለ። ኤብላ ላይ ለ60 ይከፈላል፣ ሰቅሉ 7.8 ግራም ይሆናል። ኡጋሪት ወደብ ላይ ለ50፣ ሰቅሉ 9.4። ኬጢያውያን ዘንድ ለ40፣ ሰቅሉ 11.7። ሰቅሎቹ አይገናኙም፣ ምናኑ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ብዙ ዕቃ የሚያንቀሳቅሰው ነጋዴ በምናን ይስማማል፣ የችርቻሮው ጣጣ በየአገሩ ይቀራል።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ሰቅል ያው የባቢሎኑ ነው?

ዘመድ ነው እንጂ ያው አይደለም። የይሁዳ ሰቅል ከበድ ይላል። ከምድር የወጡት ድንጋዮች ወደ 11.3 ግራም ይመዝናሉ። የጎልያድ ጥሩር 5000 ሰቅል ናስ ነበር ስለተባለ በዚህ ብትመቱት 56 ኪሎ ተኩል ይመጣል። በባቢሎኑ ሰቅል ብትመቱት ግን ከ42 ኪሎ አይሞላም። 15 ኪሎ ልዩነት ቀላል አይደለም፣ ለጎልያድም ቢሆን።

መክሊቱም ይለያል። ዘጸአት 38 ላይ ሒሳቡ ራሱ ተቀምጧል፣ ካልኩሌተር አውጡ። 603,550 ሰው እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ሰጠ። 301,775 ሰቅል ነው። መጽሐፉ ደግሞ ድምሩን 100 መክሊትና 1,775 ሰቅል ይለዋል። 1,775ቱን ቀንሱ፣ የቀረውን 300,000 ለ100 አካፍሉ። አንድ መክሊት 3000 ሰቅል ነው። የባቢሎኑ 60 ሲባዛ 60፣ 3600 ነበር። በዕብራውያን ምናኑ 50 ሰቅል ስለሆነ ነው።

ታዲያ ሕዝቅኤልን ስታነቡ (ምዕራፍ 45) በዕብራይስጡ ምናን 20፣ 25 እና 15 ሰቅል ተደምሮ ነው ይላል። ደምሩት። 60! ከየት አመጣው? ሕዝቅኤል እኮ በኮቦር ወንዝ አጠገብ በምርኮ የኖረ ነው፣ ባቢሎን ውስጥ።

የማቴዎሱ መክሊት ሌላ ነው፣ በግሪክና በሮማ ዘመን ያለ፣ ወደ 26 ኪሎ ብር የሚያህል። ያም ሆኖ አንድ መክሊት የተሰጠው አገልጋይ «ጥቂት ነው የተሰጠኝ» ሊል አይችልም። ለመቅበርም ጥልቅ ጉድጓድ ይፈልጋል።

«ማኔ ቴቄል ፋሬስ» ከዚህ ጋር ይገናኛል የሚባለው እውነት ነው?

በጣም! ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

ብልጣሶር ግብዣ ላይ ተቀምጦ የሰው እጅ ጣቶች ግድግዳው ላይ ጻፉ፣ ዳንኤልም ፈታው፤ መንግሥትህ ተቆጠረ፣ በሚዛን ተመዝነህ ቀልለህ ተገኘህ፣ መንግሥትህ ተከፈለ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በ1886 ሻርል ክሌርሞን-ጋኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ግን ሌላ ነገር አየ። ቃላቱን በአራማይክ እንዳሉ ብታነቧቸው የክብደት ስሞች ናቸው። ማኔ ምናን ነው። ቴቄል ሰቅል ነው። ፋሬስ ግማሽ ነው፣ ግማሽ ምናን።

እስቲ አስቡት። የባቢሎን አዋቂዎች ግድግዳው ላይ ያዩት «ምናን፣ ምናን፣ ሰቅል፣ ግማሽ» የሚል ነገር ነው። የገበያ ሒሳብ ይመስላል። ዳንኤል ያደረገው ስሞቹን ወደ ግስ መለወጥ ነው፤ ተቆጠረ፣ ተመዘነ፣ ተከፈለ። ቅኔ ቤት ለዋለ ሰው ይህ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ የሚዛን ድንጋይ፣ ወርቁ የንጉሥ ፍርድ። ባቢሎን በ539 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለፋርሶች ወደቀች። ፋሬስ የሚለው ቃል ፋርስንም ያስጠራል።

ርዝመትንስ በምን ይለኩ ነበር?

እንደ አያቶቻችን፣ በክንድና በጣት። ክንዱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፣ 30 ጣት አለው። በአካድኛ ክንድ «አማቱ» ነው፣ በግዕዝ «እመት»። የኖኅ መርከብ በግዕዝ የተለካችው በእመት ነው፣ ያው ቃል። 12 ክንድ አንድ ኒንዳን ይሆናል፣ ስድስት ሜትር። ሩቁን መንገድ በ«ቤሩ» ይለኩታል፣ ወደ 10.8 ኪሎ ሜትር። ቤሩ የሰዓትም ስም ነው፣ የቀንና የሌሊቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት። «ስንት ይርቃል?» ሲሏችሁ «የሁለት ሰዓት መንገድ» ብላችሁ የምትመልሱ ከሆነ አሳቡን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

የሱመሯ ከተማ የላጋሽ ገዥ የነበረው ጉዴአ ተቀምጦ የተቀረጸ ሐውልት አለው፣ ጭኑ ላይ የሕንጻ ንድፍና በጣት በጣት የተከፋፈለ ማስመሪያ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ22ኛው መቶ ዘመን። ሌላው ንጉሥ ሰይፍ ይዞ ይቀረጻል፣ ይህ ማስመሪያ። ኒፑር ላይም የመዳብ ዘንግ ተገኝቷል፣ ክንዱ 51.8 ሳንቲሜትር የሚሆን።

ምን ያህል ትክክል ነበሩ?

ፍጹም አይደሉም። «ምናን» የተባሉትን ድንጋዮች ብትመዝኑ አንዱ 480፣ ሌላው 505 ግራም ሊሆን ይችላል። ከፊሉ ተሸርፎ ነው፣ ከፊሉ ከቅጂ ቅጂ ሲሠራ ስህተት እየተጠራቀመ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ሌላ ልክ ተከትሎ ነው። በሁለት ሳህን ሚዛን፣ ያውም ነፋስ ባለበት ገበያ፣ ጥቂት በመቶ መሳሳት አይገርምም። እኔን የሚገርመኝ ሹልጊና ናቡከደነፆር በ1500 ዓመት ልዩነት በዚህን ያህል መቀራረባቸው ነው።

ዛሬ ምን ቀረልን?

የእጅ ሰዓታችሁን እዩ። 60 ደቂቃ፣ 60 ሰከንድ። የክብ 360 ዲግሪ። ከባቢሎን ከዋክብት ቆጣሪዎች ወደ ግሪኮች፣ ከግሪኮች ወደ ሁሉም። በኛ ባሕረ ሐሳብም አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፣ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት። የዚያው የስልሳ ቤተሰብ ነው።

ሰማይ ላይም አለ። ባቢሎናውያን አንዱን የከዋክብት ስብስብ «ዚባኒቱ» አሉት፣ ሚዛን ማለት ነው። ኮከብ የሚያስቆጥር ሰው «ኮከብህ ሚዛን ነው» ሲባል ከዚያ ነው የመጣው። የማያምንም ስሙን ይወቀው።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ በየቀኑ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አገሪቱ ከ1980 ጀምሮ ገንዘቧን ሼክል ብላ ሰይማለች። የአሁኑ ሼክል ሚዛን ላይ አይወጣም እንጂ ስሙ ያው ሰቅል ነው።

ድንጋዮቹን በዓይኔ ማየት ብፈልግስ?

ለንደን ካላችሁ ቀላል ነው፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ቋሚ ስብስቡን ለማየት መግቢያ አያስከፍልም። የኒምሩድ አንበሶችም የናቡከደነፆር ቅጂም የእነሱ ናቸው። ፓሪስ ያላችሁ ሉቭር ግቡ፤ የሹልጊ ግማሽ ምናን፣ የሐሙራቢ ሕግ የተቀረጸበት ጥቁር ድንጋይና ማስመሪያ የያዘው ጉዴአ የሚገኙት እዚያ ነው። በትራንዚት ኢስታንቡል የምታድሩ ደግሞ ጊዜ ካላችሁ ወደ አርኪኦሎጂ ሙዚየሙ ብቅ በሉ፣ የኒፑሩ ክንድ የእነሱ ነው። ሁሉም ዕቃ ሁልጊዜ ለእይታ አይወጣም፣ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ። ዳክዬዎቹን ስታዩ ደግሞ ትንንሾቹን አትለፏቸው። መስታወቱ ጥግ ላይ የሚቀመጡት፣ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉት፣ በገብስ ፍሬ የሚቆጠሩት እነሱ ናቸው።